ግመሏ ብር አልተቀበለችም

ከድሬ ወደ ሽንሌ፣ ሐዲዱን ወደ ቀኝ ትቶ፣
ግራር ከግራር ተኳርፎ፣ ጥላ ከሰው ተለይቶ፣
አንድ በር ቆሞ ነበረ፤
ቤት የለው፣ ግድግዳ የለው፣ በመቃኑ ብቻ የኖረ።
ገፍቼ ገብቼበታለሁ፤
ከወዲህ በረሃ ትቼ፣ ከወዲያ በረሃ አግኝቻለሁ።

በሩን ያቆሙት ፈረንጆች ከሮም ነው አሉ የመጡት፣
በአሜሪካ ስም የሚሸጥ ርካሽ በረሃ ፍለጋ የወጡት።
አንዱ በሁለት እጁ ጣት መስኮት ሠርቶ፣
ሽንሌን በመስኮቱ አይቶ፣
«ይኸው ቴክሳስ!» አለ። ምድሪቱ አልተጠየቀች፤
እንደ ልማዷ ዝም ብላ ፀሐይዋን ተከናነበች።

ጋሽ ተካልኝ፣ በከዚራው ሲኒማ ማሽን የሚያዞረው፣
ፈረንሳይኛውን ከባቡር፣ ጣሊያንኛውን ከጋራዥ የለቀመው፣
አስተርጓሚ ሆኖ ሄደ፤ እኔ ውሃ ተሸካሚው።

በሦስት ቀን ከተማ በቀለ፣ ከፊት ባንክ፣ ከኋላ ጣውላ፤
የሸሪፍ ቢሮ፣ መጠጥ ቤት፣ በሩን ሲከፍቱት ባዶ ቆላ።
የገንደ ቆሬ ጋሪ ነጂዎች በቀን ሦስት ብር ተቀጥረው፣
ባርኔጣቸውን አጥብቀው፣ ሽርጣቸውን በሱሪ ቀይረው፣
ጠዋት ይሞቱ ነበር፤
ቀትር ላይ ተነሥተው ሻይ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ መቃብር።

ሁሉ ነገር ሰመረ።
ግመል ብቻ አስቸገረ።
ፈረሰኛው ሲመጣ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ሽጉጡ ሲመዘዝ፣
የሮብሌ ግመል በስተጀርባ ታልፋለች፣
ምንም ሳትደነግጥ፣ ማንንም ሳትታዘዝ።
«አቁም!» ይላል ባለ ካሜራው፤ «ቴክሳስ ውስጥ ግመል የለም!»
ጋሽ ተካልኝ ይተረጉማል። ሮብሌ ዋይስ አይገርመውም።
«ቴክሳስ የት ነው?»
«እዚህ ነው አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ።»
ሮብሌ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ዞር ብሎ አየ መሬቱን፣
አባቱ የቆፈረውን ጉድጓድ፣ እናቱ ያለችበትን ክምር ድንጋይ፣ የበረቱን፤
«እንግዲያው ንገራቸው፤ የቴክሳስም ውሃ በዚሁ በኩል ነው።
ጠጥታ ስትመለስ ይገዳደሉ፤ ማን ከለከላቸው?»

ብር ሰጡት፤ ተቀበለ። ግመሏ ግን ብር አልተቀበለች፤
በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ተመለሰች።

ሄዱ። ጣውላውን ሽንሌ ተካፈለው፤
ባንኩ የዶሮ ቤት ሆነ፤ በሩን ግን ማንም አልፈለገው።
ለቆዳና ለሰሌን ቤት በር ምን ያደርግለታል?

ሁለት ክረምት አለፈ፣ ደቻቱ አንድ ሌሊት ማበዱ ክረምት ከተባለ፤
ጋሽ ተካልኝ ለገሃር ቆሞ «ፊልሙ ደረሰ» አለ።
ሲኒማው ጢም ብሎ ሞላ፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ሚስት ልጁን አስከትሎ።
«ያውና እኔ!» ይላል አንዱ፣ ሲሞት፤ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል፤
ሞቶ የማያውቅ ሰው ቀንቶ፣ ከኋላ ወንበር ይሳደባል።
ሽንሌን ግን ማንም አላወቃት፤ ሰማይዋ በቀለም ታጥቦ፣ ነፋሷ ቋንቋ ለውጦ፣
እኛው ራሳችን «እንዲህ ያለ አገር የት ይሆን?» አልን፣ ልባችን ቀልጦ።

ድንገት ማሽኑ ቆመ። ፉጨት። ስድብ። «ወርያ! መብራት!»
ጋሽ ተካልኝ መልሶ አዞረው።
በግራ ጥግ፣ ከሟቹ ባርኔጣ በላይ፣
ጥፍር የማታህል ነጥብ ትራመዳለች፣ ወደ ውሃ።
ወተት ሸጦ የገባው ሮብሌ ከወንበሩ ተነሣና
በስሟ ጠራት፣ ጮክ ብሎ።
ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ተካልኝ ያቺን ሁለት ጣት ፊልም በምላጭ ቆርጦ ነበር፤
ዛሬ እኔ ጋ ናት፣ በክብሪት ቀፎ።
አልፎ አልፎ ወደ አምፖሉ አነሣታለሁ።
ሰማዩ ቀልቷል። ፈረሰኛው ሟሙቷል።
ነጥቧ ግን፣ ጭረትም ይሁን፣ ዓይኔም ደክሟል፣
ገና መንገድ ላይ ናት።